የብዕር ስም አመራረጥና የደራሲ ኃላፊነት

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ብሂል በኢትዮጵያ ምድር ሥር የሰደደ እምነትን ይገልጻል። ለሕፃኑ ስም የሚያወጣለት እናቱ ወይም አባቱ፣ አያቱ ወይም ጎረቤቱ ቢሆንም፣ ቃሉን በአፋቸው ያኖረው ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ነው ይባላል። ስለዚህ ሰው ስሙን ይቀበላል እንጂ አይመርጥም። ያም ስም የወላጆቹን ምኞት፣ ሐዘንና ደስታ ተሸክሞ ይዞራል። ካሣ የተባለው በሞት ለተለየ ወንድም ወይም ዘመድ ምትክ ነው፤ ማስረሻ የተባለው ያለፈውን መከራ እንዲያስረሳ የተጠራ ነው፤ ተስፋዬ የተባለውም ገና ሳይናገር የሌላ ሰው ተስፋ ሆኖ ተሰይሟል።

ከዚህ ልማድ ወጣ ብሎ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ለራሱ ሌላ ስም የሚያወጣ አንድ የሥራ ሰው አለ፤ ይኸውም ደራሲው ነው። ይህ ስም «የብዕር ስም» ይባላል። ጥያቄው ደራሲው የብዕር ስም ለምን ያወጣል፣ እንዴትስ ይመርጠዋል የሚለው ብቻ አይደለም። ከዚህ የሚከብደው፣ ሰው ራሱ በመረጠው ስም ሲጽፍ ለጻፈው ነገር ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። ንግግሩም የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ይሆናል።

፩. በኢትዮጵያ የስም ብዛት

የብዕር ስም ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ ይመስል ይሆናል። ነገሩ ሲመረመር ግን ኢትዮጵያዊው ከአንድ በላይ ስም መያዝን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የክርስትና እምነት ተከታይ የሆነ ሰው ከዓለም ስሙ ሌላ የክርስትና ስም አለው። የመጀመሪያው በገበያና በሸንጎ ይጠራበታል፤ ሁለተኛው ደግሞ በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ ይነሣበታል። የመነኰሰም ሰው እንደ ገና አዲስ ስም ይቀበላል፤ የቀድሞው ሰው ሞተ ማለት ነውና።

ነገሥታቱም የንግሥ ስም ነበራቸው። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የተባሉት ስሙ ለጆሮ ስላማረ አልነበረም። በ«ፍካሬ ኢየሱስ» እንደሚነገረው በመከራ ዘመን ፍጻሜ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት በሕዝቡ ልብ ውስጥ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ስሙን ሲወስዱ የትንቢቱን ሸክምም አብረው ወሰዱ። የተመረጠ ስም ተስፋ መስጠት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ማስገባቱን ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ለብዕር ስም ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ጦረኛው በፉከራና በሽለላ የሚጠራው፣ በዘፈንም የሚወደሰው በዚህ ስም ነው። የፈረስ ስም ባለቤቱን የሚደብቅ አልነበረም፤ እንዲያውም ከሩቅ የሚያስለይ ዓርማ ነበር። ፈረንሳዮች የብዕርን ስም በጥንቱ ልማዳቸው «የጦር ስም» ይሉታል፤ የዚያ አገር ወታደር በጭፍራነት ሲመዘገብ የሚሰጠውን ስም ለደራሲዎችም አውሰውት ነው። ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች ሁለተኛውን ስም ከጦር ሜዳ ጋር ማያያዛቸው የሚያስገርም አይደለም። ወደ ውጊያ የሚገባ ሰው በቤቱ የሚጠራበት ስም አይበቃውም።

፪. የኢትዮጵያ ደራሲና ስሙ

የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ጥንተ መሠረት ስም ለማግነን የቆመ አልነበረም። ገድሉን፣ ድርሳኑንና ተአምሩን የጻፉት አብዛኞቹ ሊቃውንት ስማቸውን ሳይተዉ አልፈዋል። በብራናው መጨረሻ የሚገኘው ልመናም ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው ምሕረትን ይለምናል። ደራሲው በዚህ ረድፍ ከአንባቢውና ከሰሚው ጋር ተቀላቅሎ ይቆማል፤ ከእነርሱም ልቆ አይታይም።

ስም መሰወሩ ያስከተለው ክርክርም አለ። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለው የፍልስፍና ድርሰት ጸሓፊ የክርስትና ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ እንደሆነ፣ ሰዎች ግን ወርቄ እያሉ እንደሚጠሩት በመጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ጥናት፣ መጽሐፉን የደረሰው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው የ19ኛው መቶ ዓመት ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ተከራከረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሎድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ደግፈው ብዙ ጻፉ። ክርክሩ አላበቃም። መጽሐፉ ያው፣ ቃሉም ያው ሆኖ ሳለ፣ የጸሓፊው ማንነት ሲለወጥ የአንድ ሕዝብ የአስተሳሰብ ታሪክ አብሮ ይለወጣል። «ዋናው ነገሩ እንጂ የተናጋሪው ስም ምን ያደርጋል» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

የማተሚያ መኪና ከገባ ወዲህ አብዛኞቹ የአማርኛ ደራሲዎች በራሳቸውና በአባታቸው ስም ጽፈዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የስም አወጣጡ ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ሴትም ባገባች ጊዜ ስሟን አትለውጥም። በአውሮፓ ግን አንድ ደራሲ በስሙ ሲጽፍ የወንድሞቹንና የአጎቶቹን፣ የሞቱትንና ያሉትን ሁሉ ስም ወደ አደባባይ ያወጣል። የኢትዮጵያው ደራሲ ስም ከአባቱ ጋር ብቻ ያስተሳስረዋል። ሆኖም ይህ ሥርዓት የሞክሼ ችግር አለበት። በአንድ ስምና በአንድ የአባት ስም የሚጠሩ ሦስት ወይም አራት ሰዎች በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንኳ መገኘታቸው የተለመደ ነው። ስለሆነም አንዳንዱ ደራሲ የአያቱን ስም ይጨምራል፣ ሌላው የማዕረግ ስሙን ያስቀድማል፣ ሌላው ደግሞ የብዕር ስም ያወጣል።

የብዕር ስም ካወጡት መካከል ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ባለቅኔው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ ነው። «በረከተ መርገም» በተባለው ግጥሙ የታወቀው ይህ ሰው በሕዝብ ዘንድ የሚጠራው «ገሞራው» በሚለው ስሙ ነው። ገሞራ በእሳት የጠፋችው የመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ስም ስትሆን፣ በአማርኛ ከምድር ሆድ የሚፈነዳውንም እሳት «እሳተ ገሞራ» እንለዋለን። ስሙ ገና ግጥሙ ሳይነበብ የግጥሙን ጠባይ ይናገራል። ባለቅኔው ረጅም ዘመኑን በስደት አሳልፎ በ2007 ዓ.ም. በስዊድን አገር ሲያርፍ፣ የጥሪ ስሙን የማያውቁ ብዙዎች «ገሞራው ሞተ» ብለው አዘኑ። የብዕር ስም ከዚህ በላይ ሊደርስ አይችልም፤ መልአክ ያወጣውን ስም ተክቶ ተገኘ።

በተማሪዎች እንቅስቃሴ ዘመን ደግሞ የብዕር ስም ጋሻ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ገደማ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የወጣውና ብዙ ያነጋገረው ጽሑፍ የተፈረመው «ጥላሁን ታከለ» በሚል የብዕር ስም ነው። «ሐማ ቱማ» የሚለውም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከጻፈ ስደተኛ ደራሲ የብዕር ስሞች አንዱ ነው። ስም ማወቅ ለመያዝና ለመታሰር በሚያበቃበት ዘመን ስም መለወጥ የጽሑፍ ጌጥ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

፫. ስም የሚለወጥበት ምክንያት

የሌሎችም አገሮች ታሪክ ሲታይ ምክንያቶቹ በአራት ይጠቃለላሉ።

አንደኛው ፆታ ነው። በእንግሊዝ አገር ሻርሎት፣ ኤሚሊና አን ብሮንቴ የተባሉት እኅትማማቾች እ.ኤ.አ. በ1846 የግጥም መድበላቸውን በራሳቸው ወጪ ሲያሳትሙ ከረር፣ ኤሊስና አክተን ቤል ተብለው ቀረቡ። የስሞቻቸውን የመጀመሪያ ፊደሎች እንደ ያዙ፣ ወንድ ወይም ሴት መሆናቸው የማይለይ ስም ነበር የፈለጉት፤ ሴት ደራሲ በነቀፋም በምስጋናም ዘንድ በሌላ መስፈሪያ እንደምትሰፈር ያውቁ ነበርና። መጽሐፉ በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው 2 ቅጂ ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት «ጄን ኤር» የተባለው የከረር ቤል ልብ ወለድ ግን አገሩን አናወጠ።

ሁለተኛው ቤተሰብ ነው። ኤሪክ ብሌር የተባለው እንግሊዛዊ በፓሪስና በለንደን ከድኾች ጋር የኖረውን ኑሮ በጻፈ ጊዜ ወላጆቹ እንዳያፍሩበት ስሙን መለወጥ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1933 መጽሐፉ ሲወጣ ጆርጅ ኦርዌል ሆነ። በቺሌ ደግሞ የባቡር ሠራተኛው ልጅ ሪካርዶ ሬየስ አባቱ ግጥም መጻፉን ስላልወደዱለት እ.ኤ.አ. በ1920 ፓብሎ ኔሩዳ የሚል ስም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1946 በሕግ አጸደቀው፤ በ1971 የኖቤል ሽልማት የተቀበለውም በዚሁ ስም ነው።

ሦስተኛው ሥልጣንና ሳንሱር ነው። ቻይናዊው ዦው ሹረን እ.ኤ.አ. በ1918 «ሉ ሹን» በሚል ስም ጻፈ፤ ከዚያ በኋላም ሳንሱር ሲያሳድደው ከመቶ በላይ በሆኑ ስሞች እየተፈራረቀ ጽፏል። የአልጄሪያ ጦር መኰንን የነበረው መሐመድ ሙለስሁል ጽሑፉን ለጦሩ ሳንሱር እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ የባለቤቱን ስሞች ወስዶ «ያስሚና ኸድራ» ሆነ። ዓለም በሙሉ ስለ አልጄሪያ በድፍረት የምትጽፍ ሴት አገኘሁ ሲል፣ መኰንኑ ከጦሩ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ማንነቱን ገለጠ። የብሮንቴ እኅትማማቾች ሴትነታቸውን በሸሸጉ በመቶ ሃምሳ ዓመቱ አንድ ወታደር በሴት ስም ተጠልሎ ጻፈ። ሚስቱ ስሟን ስታውሰው ያሳየችው ድፍረትም ከእርሱ ድፍረት የሚያንስ አይደለም።

አራተኛው ዝና ራሱ ነው። ዝና ሸክም የሆነበት ደራሲ እንደ ጀማሪ መፈተን ይፈልጋል። ዶሪስ ሌሲንግ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን ልብ ወለድ «ጄን ሶመርስ» በሚል ስም ስትልክ የገዛ አሳታሚዋ ሳያውቃት መለሰው። ነገሩን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የገለጠችው ስመ ጥር ያልሆነ ደራሲ የሚደርስበትን ለማሳየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆአን ሮውሊንግ «ሮበርት ጋልብሬይዝ» ተብላ ያወጣችው የወንጀል ልብ ወለድ በጥቂት ቅጂ ሲሸጥ ከቆየ በኋላ፣ በ3 ወር ገደማ ምስጢሩ በወጣ ጊዜ ሽያጩ በአንድ ሌሊት ተተኮሰ። ከገጹ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። የተለወጠው በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ትርጉም ብቻ ነበር።

፬. አመራረጡ

ስም የሚቀዳባቸው ምንጮች ብዙ ናቸው። ሉ ሹን ከእናቱ የቤተሰብ ስም ወሰደ። ኦርዌል በሰፎክ ከሚፈሰው ወንዝ ወሰደ። ሳሙኤል ክሌመንስ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ መርከብ ይመራ ስለነበር የባሕረኞቹን ቃል ወሰደ፤ «ማርክ ትዌይን» ማለት የውኃው ጥልቀት 12 ጫማ ነው፣ መርከቡ በደኅና ያልፋል ማለት ነው። ቺሌያዊቷ ሉሲላ ጎዶይ «ጋብሪዬላ ሚስትራል» ስትባል የምታከብራቸውን የሁለት ባለቅኔዎች ስም አጣምራ ነበር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት አገኘች። ሶርያዊው ዓሊ አሕመድ ሰዒድ በወጣትነቱ በራሱ ስም የላካቸው ግጥሞች አልታተም ሲሉት «አዶኒስ» ብሎ ላከ፤ በዚህም ስም የዓረብኛን ግጥም መልክ ከለወጡት አንዱ ሆነ።

ኦርዌል ስሙን ሲመርጥ ያደረገው ለጀማሪ ትምህርት ይሆናል። አራት ስሞች ዘርዝሮ ለወኪሉ በመላክ ጆርጅ ኦርዌል የሚለው እንደሚሻለው ገለጠ። ሜሪ አን ኤቫንስም «ጆርጅ ኤልየት» የተባለችው፣ ጆርጅ የምትወደው ሰው ስም ስለሆነና ኤልየት ደግሞ አፍ የሚሞላና ለመጥራት የማያስቸግር ሆኖ ስላገኘችው ነው። ከሁለቱ የሚገኘው መመሪያ ቀላል ነው፤ ስም በዓይን ብቻ ሳይሆን በምላስም ይፈተናል።

ለአማርኛ ጸሓፊ ሌላም ፈተና አለ። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ ጸና ፀ፤ አና ዐ በድምፅ አንድ ሆነው በጽሕፈት ስለሚለያዩ፣ ደራሲው የብዕር ስሙን በየትኛው ፊደል እንደሚጽፍ ገና ከመጀመሪያው ወስኖ እስከ መጨረሻው መጽናት አለበት። በአንዱ መጽሐፍ በጸሎቱ ጸ፣ በሌላው በፀሐዩ ፀ የተጻፈ ስም በቤተ መጻሕፍት መዝገብ ሁለት ሰው ይሆናል።

፭. የሰው ብዕር፣ የሰው ስም

የብዕር ስም ባለቤቱን ይሸሽጋል፤ ነገር ግን የተሸሸገ ንብረት ሌባ አያጣም። ጆርጅ ኤልየት እ.ኤ.አ. በ1859 «አዳም ቢድ»ን ባወጣች ጊዜ፣ ጆሴፍ ሊጊንስ የተባለ ያገሯ ሰው ደራሲው ነው ተብሎ ተወራ፤ እርሱም ወሬውን አላስተባበለም። እንዲያውም ለዚህ ምስኪን ደራሲ ገንዘብ እናዋጣለት የሚሉ ተነሡ። ሴትዮዋ የገዛ ሥራዋን ለማዳን ከጭንብሉ ኋላ ለመውጣት ተገደደች። የብሮንቴ እኅትማማቾችም ሦስቱ ቤሎች አንድ ሰው ናቸው የሚል ወሬ በተነሣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1848 ሻርሎትና አን ለንደን ድረስ ሄደው ሁለት መሆናቸውን በአካል ማስረዳት ነበረባቸው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ጭንብሉ ፊትን የበላ ጊዜ ነው። ሮማን ጋሪ እ.ኤ.አ. በ1956 የጎንኩርን ሽልማት ወሰደ። ሽልማቱ ለአንድ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን «ኤሚል አዣር» ለሚባል ደራሲ ሲሰጥ፣ አዣር ራሱ ጋሪ ነበር፤ በአደባባይ አዣርን ሆኖ የቀረበውም ዘመዱ ነበር። እውነቱ የተገለጠው ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1980 ከሞተ በኋላ ነው። ተቺዎች «ጋሪ አርጅቷል፣ አዣር ግን አዲስ ድምፅ ነው» ሲሉ ሰምቶ ዝም ማለት ነበረበት። ምስጋናውም ነቀፋውም የእርሱ ሆኖ ሳለ አንዱንም መቀበል አልቻለም።

ፖርቱጋላዊው ፈርናንዶ ፔሶዋ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። አልቤርቶ ካዬይሮ፣ ሪካርዶ ሬይሽና አልቫሮ ዴ ካምፖስ ብሎ የሰየማቸውን ባለቅኔዎች ለያንዳንዳቸው የሕይወት ታሪክ፣ ሙያና የአጻጻፍ ስልት ሰጣቸው። ስማቸውን ለማምለጫ አላዋለውም፤ እያንዳንዱ ስም አንድ የተለየ የድርሰት ሥራ ነበረ።

ወደ ኋላ የተመለሰም አለ። ኬንያዊው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1967 መጽሐፉን ያወጣው ጄምስ ንጉጊ በሚል ስም ነበር። በኋላ ግን ጄምስ የሚለውን ትቶ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተባለ፤ ከእንግሊዝኛም ወደ ኪኩዩ ቋንቋው ተሻገረ። ለእርሱ ጭንብሉ በጥምቀት የተሰጠው ስም ነበር፤ የብዕሩ ስም የአባቱ ስም ሆነ።

፮. ሕጉና ዛሬ

የኢትዮጵያ ሕግም ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ፣ ወይም ስሙ እንዳይገለጥ፣ ወይም በብዕር ስም እንዲጠቀም መብት ይሰጠዋል። የብዕር ስም እንግዲህ በሕግ የታወቀ የደራሲ መብት ነው። ነገር ግን መብቱን ለማስከበር አንድ ቀን «እኔ ነኝ» ማለት ያስፈልጋልና፣ በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ከአሳታሚው ጋር የሚፈራረመው ውል እውነተኛ ስሙን መያዙን ማረጋገጥ፣ ረቂቁንም በሚታመን ቦታ ማስቀመጥ ይገባዋል። ይህ ካልሆነ ወራሾቹ እንኳ የአባታቸውን መጽሐፍ የአባታችን ነው ለማለት ይቸገራሉ።

በዛሬው ዘመን ደግሞ የብዕር ስም ማውጣት የደራሲ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በኢንተርኔት የሚጽፍ ሁሉ መለያ ስም ይመርጣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ቢገባም፣ ብዙዎች መለያቸውን ዛሬም የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነው፤ አንዱም ስም በብዙ ዓይነት አጻጻፍ ይበተናል። ሞክሼ የቀደመው ደግሞ ከስሙ ኋላ ቁጥር ይጨምራል። እነዚህ ትንንሽ ችግሮች ናቸው። ትልቁ ችግር ስም መለወጥ ከመቅለሉ የተነሣ ስም መጣልም መቅለሉ ነው። ትናንት በአንድ ስም ሰውን የሰደበ ዛሬ በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል። ጦረኛው በፈረስ ስሙ ይፎክር የነበረው በዚያው ስም ለመሞት ተዘጋጅቶ ነው፤ ስሙን በየማለዳው የሚለውጥ ግን ፎክሮ የሚሸሽ ነው።

ስለዚህ የብዕር ስም የሚያወጣ ሰው ሦስት ነገር ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። ስሙ የሚጠብቀው እውነትን የሚናገረውን ሰው ነውን፣ ወይስ ሐሰትን? ነገ የጻፈው ነገር ስሕተት ሆኖ ቢገኝ በዚያው ስም ተመልሶ ያርመዋልን? አንድ ቀን ማንነቱ ቢገለጥ፣ አንባቢው ተሸወድሁ ይላል ወይስ ተረዳሁት ይላል? ሦስቱንም በቀና ልብ የሚመልስ ሰው የፈለገውን ስም ቢያወጣ አያስነቅፈውም። ገሞራው፣ ኔሩዳና ኸድራ በተዋሱት ስም የጻፉት በጥሪ ስማቸው ከጻፉት ብዙዎች ይልቅ ራሳቸውን ገልጠዋል።

«ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» ይባላል። ወላጅ ያወጣው ስም በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ይቀረጻል፤ ደራሲው ያወጣው ደግሞ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ። የመጀመሪያውን መልአክ አውጥቶት ከሆነ፣ ለሁለተኛው የሚጠየቅበት ሌላ የለም፤ ደራሲው ራሱ ነው።